የመኪና ወገብ

ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና አይታችሁት ይሆናል። ጋቢናውንና የጭነቱን ሣጥን ብናነሣለት ምን ይቀራል? ሻንሲው ይቀራል። ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። አጫጭር ብረቶች በመካከል ተጋድመው ያያይዟቸዋል። መሬት ላይ የተኛ መሰላል ይመስላል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ መሰላሉ ትንሽ ይጠመዘዛል። መጠምዘዙ ደግ ነው፤ ድርቅ ያለ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር።

ሻንሲው በባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ባሌስትራው ደግሞ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በያዘው ወፍራም ብረት ላይ ያርፋል። ይህ ብረት አክስል ይባላል። የፊተኛው አክስል 2 ጎማ፣ የኋለኛው 4 ጎማ አለው። ብዙው ጭነት የሚያርፈው በኋለኛው ላይ ነዋ!

አህያ የጫነ ሰው ይህን ያውቃል። ጭነቱ ወደ ጭራዋ ከሸሸ ትቸገራለች። መኪናም እንዲሁ ነው። ከባዱ ጆንያ ከኋላ ጎማ ወዲያ ከተደረደረ የፊቱ ይቀላል፤ መሪው አልታዘዝም ይላል። ዳገት ላይማ አያድርስ! እህላችንን ስናስጭን ሹፌሩን «ከባዱ ወደ ፊት ይሁንልን» ብንለው ነውር የለውም።

መንገዱም አለ። በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ጭነት መኪና እያመላለሱ መንገድ ፈተኑ። የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን የመንገዱ ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። 3 አክስል ያለው መኪና የሚሠራው ለዚህ ጭምር ነው፤ ያንኑ ጭነት ለብዙ ጎማ ያካፍለዋል።