«የሕንዱ ነው ወይስ ኦሪጅናሉ?» አንድ የደም ካንሰር ክኒን በየአገሩ ፍርድ ቤት ያየው ጉድ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በቅርቡ አንድ ታካሚዬ ሁለት ወር ተኩል ከክትትል ጠፍተው መጡ። (ታሪኩን የማካፍላችሁ ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ዕድሜያቸው ሃምሳን ትንሽ ያለፈ ነው። ሲኤምኤል የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር አለባቸው። ላለፉት ዓመታት ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን በቀን አንዴ እየዋጡ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያስተማሩ ነበር። ያን ቀን የደም ምርመራቸው ሲመጣ ግን 7 ሺህ ገደማ የነበረው ነጭ የደም ሴላቸው 34 ሺህ ገብቷል።

«ክኒኑን አቋርጠዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎ። እህቴ ዋሽንግተን ናት። የማሸጊያውን ፎቶ ላክሁላት። ‹የሕንድ ነው እንዴ የሚሰጡህ? እሱን ተወው፣ ኦሪጅናሉን በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ› አለችኝ። የሚመጣ ሰው ጠፍቶ ነው የቆየሁት።»

እህትየውን አልወቅስም። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወንድሟ እንዳይሞትባት የምትጨነቅ ሴት ናት። ይሄው ጥያቄ በኢንቦክስም ቢሆን ሳይመጣ የሚውልበት ቀን የለም፦ «ዶክተር፣ የሕንዱ ይሠራል?» መልሱን ለማግኘት ግን ከላቦራቶሪ ይልቅ ፍርድ ቤት መሄድ ይሻላል። በአንዱ አገር ውድ፣ በሌላው ርካሽ ያደረገው የክኒኑ ጥራት ሳይሆን የፓተንት ክርክር ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ናወል እና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሲኤምኤል ታካሚዎች ሴል ውስጥ አንዲት ያልተለመደች አጭር ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ደግሞ ዶክተር ጃኔት ራውሊ ምክንያቱን አገኘች፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ከዚህ ልውውጥ የሚፈጠረው ቢሲአር-ኤብል የሚባል ፕሮቲን መቅኒውን «አምርት፣ አምርት» እያለ ያለ እረፍት ያዘዋል። ኢማቲኒብ የሚሠራው ይህን ፕሮቲን በመዝጋት ነው። ኖቫርቲስ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ያመረተውን ይህን መድኃኒት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በግንቦት 2001 አጸደቀው። የንግድ ስሙ ግሊቬክ ነው። በዋናው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ታካሚዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 83 በመቶ ገደማ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን በሽታው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙውን ሰው ይወስድ ነበር። እኔ በሙያዬ «ተአምር» የሚለውን ቃል አልወደውም፣ ለዚህ ክኒን ግን ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ።

ችግሩ ዋጋው ነበር። በ2013 ከመቶ በላይ የሚሆኑ የሲኤምኤል ሐኪሞች «ብለድ» በተባለው የሕክምና መጽሔት በጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ በ2001 በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዋጋ በ2012 ወደ 92 ሺህ ዶላር ማደጉን ጠቅሰው ተቃወሙ። ልብ በሉ፣ ክኒኑ ያው ክኒን ነው።

ኩባንያው ይህን ማድረግ የቻለው በፓተንት ነው። ፓተንት ማለት አንድ ነገር የፈጠረ ሰው ማመልከቻ ካስገባ ጀምሮ በአብዛኛው ለ20 ዓመት ሌላ ሰው ያንን እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የሚከለክልበት መብት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም። መብቱ የሚሠራው በተሰጠበት አገር ክልል ብቻ ነው። ስለዚህ ኩባንያው በየአገሩ ያመለክታል፣ ተቃዋሚው በየአገሩ ይከሳል፣ ዳኛው በየአገሩ ይፈርዳል። ለአንድ ሞለኪውል ደርዘን ፍርድ ቤት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕንድ እንሂድ፤ ትልቁ ፍልሚያ እዚያ ነው።

ሕንድ በ1970 ባወጣችው ሕግ ለመድኃኒት ምርት ፓተንት አትሰጥም ነበር፤ ለአሠራሩ እንጂ። የሕንድ ፋብሪካዎች ርካሽ መድኃኒት ለእኛም ለሌላውም መላክ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዓለም ንግድ ድርጅት በመጣው ግዴታ መሠረት ሕጉ በ2005 ተቀየረ። የሕንድ ፓርላማ ግን አብሮ አንድ አጥር አቆመ፦ ክፍል 3 (መ) ልንለው እንችላለን። ፍሬ ነገሩ «ቀድሞ የሚታወቅን ንጥረ ነገር ቅርጹን ቀይረህ ብታመጣ፣ ፈዋሽነቱ መጨመሩን ካላሳየህ አዲስ ፓተንት አታገኝም» የሚል ነው።

የኢማቲኒብ ሞለኪውል በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ፓተንት እንዲያገኝ ማመልከቻ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ሕንድ አትሰጥም። ኖቫርቲስ በ1998 በሕንድ ያመለከተው ለሞለኪውሉ ሳይሆን «ቤታ ክሪስታል» ለተባለው የጨው ቅርጹ ነበር። በ2006 የቼናይ ፓተንት ጽሕፈት ቤት አልቀበልም አለ። ከተቃወሙት መካከል የካንሰር ታካሚዎችን የሚረዳ ማኅበር ነበር። ኩባንያው ክፍል 3 (መ) ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ፤ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 ውድቅ አደረገው። በ2009 የይግባኝ ቦርዱም ፓተንቱን ከለከለ። ክርክሩ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እዚያ የቀረበውን የሳይንስ ክርክር በጨው ልንገራችሁ። አሞሌ ጨው አለ፣ የተፈጨ ጨው አለ። አያያዙ፣ አቀማመጡ ይለያያል፤ ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ያው ጨው ነው። ኩባንያው «የእኔ ክሪስታል ይረጋል፣ ለማምረት ይመቻል፣ በአይጥ ላይ ሲሞከር ደግሞ ከመነሻው ንጥረ ነገር 30 በመቶ የበለጠ ደም ውስጥ ይገባል» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ለመድኃኒት ፈዋሽነት ማለት ማዳን ነው፤ ደም ውስጥ የበለጠ ገባ ማለት ብቻውን የበለጠ ፈወሰ ማለት አይደለም፣ እሱን አላሳያችሁም አለ። (በነገራችን ላይ የክሪስታል ቅርጽ አንዳንዴ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1998 ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ያልታሰበ ክሪስታል ስለሠራ ካፕሱሉ ከገበያ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። ስለዚህ የኩባንያው ክርክር ዝም ብሎ ወሬ አልነበረም።)

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኩባንያው በሕንድ «ይህ ጨው አዲስ ነው፣ በቀድሞው ፓተንት ውስጥ አይታወቅም» ሲል፣ ናትኮ የተባለው የሕንድ አምራች ኢማቲኒብን በእንግሊዝ እንዳይሸጥ በ2004 ማስጠንቀቂያ የላከው ደግሞ በዚያው በቀድሞው ፓተንት ነበር! ለንደን ላይ «ይሄ የድሮው ፓተንቴ ነው»፣ ዴልሂ ላይ «ይሄ አዲስ ነው»። ዳኞቹ ይህን ወረቀት ፊታቸው ዘርግተው አነበቡት። በየአገሩ የሚካሄድ ክርክር አንዱ ጣጣው ይኸው ነው፤ እዚያ የተናገርከው እዚህ ይከተልሃል።

ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ፍርዱ ወጣ፤ ኖቫርቲስ ተሸነፈ። በወቅቱ በሕንድ ግሊቬክ በወር 2,600 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የአገር ውስጡ ጀነሪክ 175 ዶላር ገደማ ነበር። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ፍርዱ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ለታካሚዬ ምን ብዬ እንደማዝ አላውቅም።

ለኩባንያው ሚዛናዊ ልሁንና፣ መድኃኒቱን በብዙ ድሃ አገሮች በነጻ ያከፋፍል ነበር። እኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል በዚሁ የእርዳታ ፕሮግራም ግሊቬክን በነጻ የወሰዱ ታካሚዎች አሉ፤ ዛሬ በሕይወት የሚኖሩት በእሱ ነው። ግን እርዳታ የሰጪው ፈቃድ ነው። ገበያ ላይ በአቅም የሚገዛ ክኒን መኖሩ ሌላ ነገር ነው።

ሌሎቹ አገሮችስ? ያው ክሪስታል ኮሎምቢያ ሲደርስ ነገሩ ተገለበጠ። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ በ2003 ቢከለክልም፣ የአገሪቱ የበላይ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት በ2012 «ስጡት» ብሎ አዘዘ። ስለዚህ መንግሥት በ2016 ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ አውጆ ዋጋውን በአዋጅ ማስቀነስ ነበረበት። በካናዳ ደግሞ ሁለት የጀነሪክ አምራቾች የሞለኪውሉን ዋና ፓተንት ለማፍረስ ሞክረው በ2013 መጀመሪያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተሸነፉ። በአሜሪካ የሞለኪውሉ ፓተንት በ2015 ሲያበቃ የክሪስታሉ ፓተንት ግን ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። ሰን ፋርማ የተባለ ኩባንያ ፓተንቱን ፍርድ ቤት ወስዶ ተከራከረ። ነገሩ በስምምነት አለቀና ሰን ፋርማ በፌብሩዋሪ 2016 የመጀመሪያውን ጀነሪክ አሜሪካ ገበያ ላይ አወጣ።

ሰን ፋርማ የየት አገር ኩባንያ መሰላችሁ? የሕንድ።

ለታካሚዬ ያልኳቸውም ይህንኑ ነው። «እስቲ ለእህትዎ ይደውሉና፣ አጠገቧ ያለው ፋርማሲ ኢማቲኒብ ሲታዘዝ የትኛውን እንደሚሰጥ ትጠይቅልን።» በማግስቱ ፎቶ ላከች። ጀነሪክ ነው፣ ብልቃጡ ላይ የተመረተበት አገር ተጽፏል፦ ሕንድ። ሰውዬው ስልኩን እያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ሁለት ወር ተኩል ሻንጣ የጠበቅሁት ለዚህ ነው?» አሉኝ። ምን እላለሁ?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጀነሪክ ማለት ፎርጅድ ማለት አይደለም። ጀነሪክ ያው ንጥረ ነገር በያው መጠን ያለው፣ ደም ውስጥ የሚገባው መጠንና ፍጥነት ከኦሪጅናሉ ጋር መመጣጠኑ በሰው ላይ ተለክቶ ለተቆጣጣሪ የሚቀርብ መድኃኒት ነው። ፎርጅድ ግን ወንጀል ነው፤ ኦሪጅናልም ጀነሪክም ተመስሎ ይሠራል። እንዲያውም በማይታወቅ ሰው ሻንጣ የሚመጣ «ኦሪጅናል» ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ጥያቄያችሁ መሆን ያለበት «የሕንድ ነው ወይ?» ሳይሆን «በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ? ፈቃድ ካለው ፋርማሲ በደረሰኝ ነው የገዛሁት?» የሚለው ነው። ከተጠራጠራችሁ የባለሥልጣኑ ነጻ መስመር 8482 ነው። ጥራት የሌለው ጀነሪክ በጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። አምራቹ ከተቀየረባችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ የሦስት ወሩን ምርመራ አታሳልፉ፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግረን ቢሲአር-ኤብል የሚለካው የደም ምርመራ እንጂ የማሸጊያው ቀለም አይደለም።

ኢማቲኒብ ለምትወስዱ ደግሞ፦ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፤ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። የዓይን ዙሪያ ማበጥና የጡንቻ መጨምደድ ቢመጣባችሁ ንገሩን እንጂ ራሳችሁ አታቋርጡ። ከአሥር ቀን አንዱን እንኳ መዝለል ውጤቱን እንደሚያበላሽ በጥናት ታይቷል። የቲቢ ሕክምና ከጀመራችሁ ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን መጠን ደም ውስጥ በጣም ስለሚቀንስ ሁለቱም ሐኪሞች ይወቁ። እርግዝና የምታስቡ እህቶች ቀድማችሁ አማክሩን።

ታካሚዬ ያንኑ የሕንዱን ክኒን በዚያው ቀን ጀመሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ነጭ የደም ሴላቸው 8 ሺህ ላይ ወርዷል፤ ቢሲአር-ኤብሉን ግን ገና እየጠበቅን ነው። ምርመራው በግል ላቦራቶሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እህትየው አሁን ከዋሽንግተን የምትልከው የእሱን ወጪ ነው።