አንድ ደቂቃ ብቻ

«እማዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ! ይቺን ልጨርስ!»

ስልክ ወይም ታብሌት ከልጁ እጅ ለመቀበል የሞከረ ወላጅ ይህን ልመና በደንብ ያውቀዋል። እራት ቀርቧል፣ እጅ ታጥቧል፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ ልጁ ግን ገና አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። እኛም ጭቅጭቁን ለመሸሽ ስንል «እሺ፣ አንድ ደቂቃ ግን!» እንላለን።

ይህችን ደቂቃ አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ ታብሌት የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ጽፏታል። በዚያን ጊዜ በአገሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። እሱም ገና አዲስ አባት ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደችው በ1949 ነው። አጭር ልብ ወለዱ «ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት» በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ ርዕሱ «ልጆቹ የሠሩት ዓለም» የሚል ነበር። ዛሬ የሚታወቀው «ዘ ቬልት» በሚለው ስሙ ነው፤ ቬልት የደቡባዊ አፍሪካ የሣር ሜዳ መጠሪያ ነው።

ጆርጅና ሊዲያ ሃድሊ የተባሉ ባልና ሚስት 30,000 ዶላር ከፍለው ሁሉን በራሱ የሚሠራ ቤት ይገዛሉ። ቤቱ ያበስላል፣ ገላ ያጥባል፣ የልጆቹን የጫማ ክር ሳይቀር ያስራል፣ ማታ እሹሩሩ እያለ ያስተኛል። ልዩ የሆነው ግን የልጆቹ መጫወቻ ክፍል ነው። ልጆቹ በልባቸው ያሰቡትን አውቆ በግድግዳው ላይ ከነድምፁ፣ ከነሽታው፣ ከነሙቀቱ ያመጣዋል። ተረት ካሰቡ ተረቱ ይመጣል። ፒተርና ዌንዲ ግን (ስማቸው ማደግ እምቢ ካለው ከፒተር ፓን ታሪክ ጋር አንድ ነው) ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ማሰብ ይጀምራሉ፤ የሚያቃጥል የአፍሪካ ፀሐይ፣ የደረቀ ሣር፣ ራቅ ብለው አንድ ነገር የሚበሉ አንበሶች።

ሊዲያ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች። ቤቱ ሚስትም፣ እናትም፣ ሞግዚትም ከሆነ ለእሷ ምን ተረፋት?

ብዙ አንባቢ ታሪኩን በማሽን ላይ የቀረበ ክስ አድርጎ ይወስደዋል። እኔን ግን ከአንበሶቹ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ አባትየው ነው። ጆርጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፍሉን የገዛላቸው ወድዷቸው፣ ከሰው ልጅ እንዳያንሱ ብሎ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ሲሰጥ ሳይሆን መልሶ ሊወስድ ሲነሳ ነው። ክፍሉን ለቅጣት ጥቂት ሰዓት ሲቆልፈው ቤቱ በጩኸት ይናወጣል። ጉዳዩን እንዲያይ የተጠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚነግረው መራራ ነው፦ ክፍሉ በልጆቹ ልብ ውስጥ የእናትና የአባትን ቦታ ወስዷል። ስለዚህ አሁን ጆርጅ የሚዘጋው መጫወቻ አይደለም፤ ልጆቹ ከእሱ አብልጠው የሚወዱትን ወላጅ ነው።

ጆርጅ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ እየዞረ ያጠፋል። ልጆቹ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ ያቺ ልመና ትመጣለች፤ አንዴ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። እናት ምን ይጎዳል ትላለች። አባትም ጩኸቱ ከቆመለት ይበቃዋል፤ አንዲት ደቂቃ ይፈቅዳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም።

ብራድበሪ ይህን ስለጻፈ የሥልጣኔ ጠላት እንዳይመስላችሁ። እርግጥ መኪና በሞላባት ሎስ አንጀለስ ኖሮ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ስለ ሮኬትና ስለ ማርስ ሲያወራ ግን አይጠግብም ነበር። በሞተበት በ2012 ናሳ «ኪዩሪዮሲቲ» የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ያረፈችበትን ስፍራ በስሙ ሰይሞለታል።

ከብራድበሪ 41 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1909፣ እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር «ማሽኑ ይቆማል» የሚል ታሪክ ጽፎ ነበር። እዚያም ያለው የወላጅና የልጅ ነገር ነው። ሰዎች ከመሬት በታች በየክፍላቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ምግቡም ሙዚቃውም ቁልፍ ሲጫኑ ይመጣል። ኩኖ የተባለው ወጣት በሌላኛው የምድር ጫፍ ለምትኖረው እናቱ በምታበራ ክብ ሰሌዳ ላይ ብቅ ብሎ «ነይልኝ» ይላታል። እያየችው ሳለ ምን እንደጎደለው አይገባትም። እሱ የፈለገው ግን በማሽኑ በኩል የምትታየውን እናት አልነበረም።

ልጇ አሜሪካ ወይም ዱባይ የሆነባት እናት ይህን ብታነብ ምን ትል ይሆን? ድሮ ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይጠበቅ ነበር! ዛሬ የልጅ ልጇ ጥርስ ማብቀሉን ቡናዋን እየጠጣች በስልክ ታያለች፤ ይህን ማን ይጠላል? ስልኩ ሲዘጋ ግን ጉንጩን አልሳመችውም።

«ዘ ቬልት» አንዴ ቁጭ ብለው የሚጨርሱት ታሪክ ነው፤ በ1951 በወጣው «ዘ ኢለስትሬትድ ማን» በተሰኘው መድበል ውስጥ ይገኛል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቢነበብ ይሻላል። ስልክ ለማስጣል ብሎ ለልጅ ማንበብ ግን አይገባም፤ የተጻፈው ለእኛ ነው።