ከኩሬ ወደ በርሜል፦ የወባ ትንኝ አዲሱ መንገድ

ወባ የቆላ በሽታ መሆኑን ደገኛው ጠንቅቆ ያውቃል። ዱሮ ቆላ ሲወርድ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ንዳድን ነበር። ብርድ በትንኟ ሆድ ውስጥ ያለውን የወባ ተውሳክ ዕድገት ስለሚገታ፣ የጤና ባለሙያዎች 2,000 ሜትር ከፍታን እንደ ወሰን ይዘው ሠርተዋል። ከዚያ በታች ያለው ከኢትዮጵያ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። ወሰኑ ግን አጥር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል።

ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ትንኝ ናት። ከ400 በላይ ዝርያዎች ካሏት ውስጥ ዋነኞቹ አስተላላፊዎች 40 ያህል ናቸው። በኢትዮጵያ ቀዳሚዋ አራቢየንሲስ ስትሆን፣ ዝናብ ባቆረው ኩሬና የከብት ኮቴ ባሰረጎደው ጭቃ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ውሃ ትራባለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ፋሮኤንሲስ ሣር የበዛበትን ረግረግና የሐይቅ ዳር ትመርጣለች፤ ኒሊ ደግሞ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቦታዎች የወንዝ ዳር ነዋሪ ናት።

ይህን የቆየ ካርታ የምታፋልስ ሌላ ዝርያ ግን መጥታለች፦ ስቴፈንሳይ። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተመራማሪዎች ተጠያቂ ያደረጓት እሷን ነው።

ስቴፈንሳይ ከተማ ትወዳለች፤ ክረምትም አትጠብቅም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየግቢው በርሜልና ሮቶ አለ፤ ቤት በሚሠራበት ቦታም ለሲሚንቶ የተጠራቀመ ውሃ አይጠፋም። ክዳኑ የተከፈተ በርሜል ውስጥ አጎንብሰው ቢያዩ፣ በውሃው ፊት ላይ እንደ ክር ቁራጭ የተጋደሙ እጮች ሊያገኙ ይችላሉ። እነዚህ በሙቀት ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ።

አጎበር ዛሬም ሕይወት ያድናል፤ ለከተማው ግን ብቻውን አይበቃም። ውሃ የሚያጠራቅም ሰው አጥፊ አይደለም፤ ቧንቧው ስለማይመጣ ነው የሚያጠራቅመው። ስለዚህ የከተማ ውሃ ጉዳይ የወባም ጉዳይ ሆኗል። ውሃው በአስተማማኝ ሁኔታ እስኪመጣ ድረስ እርስዎም በርሜልዎን አጥብቀው ይክደኑ፤ በየሳምንቱም ደፍተው ውስጡን ይፈትጉ።