የጥማት መልእክት፦ ድርቅና ሆርሞን የዕፅዋትን ዘረመል እንዴት ይቀሰቅሳሉ?



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ነው። ዝናብ ሲጠፋ እረኛ ከብቱን ነድቶ ውኃ ወዳለበት ይሄዳል፤ ማሽላ ግን በተዘራበት ይቆያል። መሸሽ የማይችል ፍጡር ያለው ምርጫ ባለበት ሆኖ ራሱን መለወጥ ነው። ከዚህ ለውጥ ትልቁ ክፍል የሚከናወነው በዘረመል ደረጃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥያቄ አነሣለሁ። የአፈር እርጥበት መቀነሱ እስከ ህዋሱ ኒውክለስ ድረስ እንዴት ይሰማል? የተቀሰቀሰው ዘረመልስ ለተክሉ ምን ያተርፍለታል፣ ምንስ ያስከፍለዋል?

አስቀድሜ «ዘረመል ተቀሰቀሰ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ላብራራ። የአንድ ተክል ሥር፣ ግንድና ቅጠል በመሠረቱ አንድ ዓይነት የዘረመል ስብስብ ይዘዋል። ልዩነቱ የሚመጣው የትኛው ዘረመል፣ መቼና ምን ያህል ይነበባል ከሚለው ነው። ከዘረመሉ አጠገብ ፕሮሞተር የሚባል የዲኤንኤ ክፍል አለ። በፕሮሞተሩ ላይ አጫጭር የፊደል ቅደም ተከተሎች ይገኛሉ፤ አስጀማሪ ፕሮቲኖች እነዚህን ለይተው ሲያርፉባቸው የዘረመሉ ቅጂ በአር ኤን ኤ መልክ ይጻፋል፤ ከቅጂውም ፕሮቲን ይሠራል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሆርሞኑ ራሱ ሄዶ ዲኤንኤውን የሚነካ ይመስላቸዋል። የዛሬው ሆርሞናችን ግን እንደዚያ አያደርግም።

የድርቅ ዋነኛ ሆርሞን አብሲሲክ አሲድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ፍሬ መርገፍንና የዛፍ እምቡጥ እንቅልፍን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደረሱበት። ስሙ ከመርገፍ ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ቅጠልን በማርገፍ ረገድ የላቀ ድርሻ ያለው ኤትሊን መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታውቋል፤ ስሙ ግን እንደወጣለት ቀረ። ተክሉ ይህን ሆርሞን የሚያዘጋጀው ከካሮቲኖይዶች ነው፤ ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ቀለም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ውኃ ሲያጥር ካሮቲኖይዱን የሚቆርጠው ኤንዛይም በብዛት ይመረታል፤ የሆርሞኑም መጠን ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአራቢዶፕሲስ ሥሩ ድርቀት ሲሰማው ሲኤልኢ25 የተባለ አነስተኛ ፔፕታይድ ወደ ቅጠል ይሄዳል፤ ቅጠሉም ሆርሞኑን ማምረት ይጀምራል።

ታዲያ ሆርሞኑ ሲመጣ ምን ይሆናል? ውኃ በበቂ ሁኔታ ባለበት ጊዜ በህዋሱ ውስጥ ኤስኤንአርኬ2 የሚባሉ ኤንዛይሞች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ሥራ የሚያስፈቷቸው ፒፒ2ሲ የተባሉ ከልካዮች ናቸው፤ ከላያቸው ላይ ፎስፌት እያነሡ ያመክኗቸዋል። አብሲሲክ አሲድ ሲደርስ ፒዋይአር በተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ የተቀባዩም ክዳን በላዩ ይዘጋል። እንዲህ የተዘጋው ተቀባይ ከልካዩን ይይዘዋል። ከልካዩ ሲያዝ ኤስኤንአርኬ2 ነጻ ይወጣል፤ አስጀማሪ ፕሮቲኖችንም ፎስፌት እየጨመረ ያነቃል። እነርሱ ደግሞ «ኤሲጂቲጂ» የሚል ፊደል ያለባቸውን ፕሮሞተሮች ፈልገው ያርፋሉ። እንግዲህ ሆርሞኑ የሚሠራው ከልካዩን በመከልከል ነው። ተቀባዮቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪታወቁ ድረስ ይህ ሰንሰለት መነሻው የጎደለ ነበር።

ከዚህ ሰንሰለት ሁለት ዓይነት ምላሽ ይወጣል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ አዲስ ዘረመል እስኪነበብም አይጠብቅም። ኤስኤንአርኬ2 በቅጠሉ ቀዳዳ ዙሪያ ባሉት ዘብ ህዋሳት የሚገኘውን የአየን መተላለፊያ ይከፍታል፤ አየኖቹ ሲወጡ ውኃው ይከተላቸዋል፤ ህዋሳቱ ይሟሽሹና ቀዳዳው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ሁለተኛው ምላሽ ሰዓታትን ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ የተቀሰቀሱት ዘረመሎች የህዋሱን ፕሮቲኖችና ሽፋኖች ከድርቀት ጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ያሠራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተገኙት በሚበስልና በሚደርቅ ዘር ውስጥ ነው። ተክሉ ዘሩን ለማድረቅ የሚጠቀምበትን ጥበብ በድርቅ ጊዜ ለቅጠሉ ያውለዋል ማለት ነው።

ነገር ግን መንገዱ ይህ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን ተመራማሪዎች የአራቢዶፕሲስን አርዲ29ኤ ዘረመል ሲያጠኑ፣ አብሲሲክ አሲድን ሳይጠብቅ ለድርቅ፣ ለጨውና ለብርድ መልስ የሚሰጥ ሌላ የፊደል ቅደም ተከተል በፕሮሞተሩ ላይ አገኙ። በዚህ ላይ የሚያርፉት አስጀማሪዎች ድሬብ ይባላሉ። አንድ ፕሮሞተር ሁለት በር አለው፤ አንዱ ለሆርሞኑ፣ ሌላው ከሆርሞኑ ውጭ ለሚመጣ ምልክት። ይህም ተክሉ አንድ መልእክተኛ ቢዘገይበት በሌላው እንዲነቃ ያስችለዋል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ድሬብን ሁልጊዜ በሚሠራ ፕሮሞተር ሥር ብናኖረው ተክሉ ድርቅን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ይቀጭጫል። ምክንያቱን ማስተዋል አያዳግትም፤ ጠላት በሌለበት ዘወትር ዘብ የሚያቆም አገር እርሻው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ዘረመሉን በአርዲ29ኤ ፕሮሞተር ሥር አደረገው፤ ማለትም ጭንቅ ሲመጣ ብቻ እንዲነሣ። የተክሉ እድገት የሚደርስበት ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ፤ የመቋቋም አቅሙም ከፍ ያለ ሆነ። እኔ ከዚህ ሥራ የምወስደው ትምህርት፣ ዘረመሉ ምንድን ነው ከሚለው ይልቅ መቼ ይነሣል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን ነው።

ይህ ትምህርት የእኛንም ማሳ ይመለከታል። በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው፣ በዓለም የማሽላ ምርምር ታዋቂ የሆነው ቢ35 የተባለ ዝርያ ምንጩ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ከእርሱ የተገኙት የዘረመል ክፍሎች ሥራቸው ከአበባ በፊት የቅጠሉን ስፋት በመወሰን ውኃን መቆጠብ ነው፤ የተቆጠበው ውኃ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይደርሳል። እንግዲህ ተክሉ ጽናቱን የሚያገኘው ውኃን በዕቅድ በመጠቀም ነው። በቤተ ሙከራ ማሰሮ ውስጥ ለሳምንት ያለ ውኃ የቆየ ተክል በሕይወት መትረፉ ብቻ ለገበሬው አይበቃውም፤ ገበሬው የሚፈልገው ፍሬ ነው። ቀዳዳውን ፈጥኖ የሚዘጋ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ስለሚያጣ፣ ድርቁ አጭር ከሆነ ያለ ምክንያት ምርቱን ሊቀንስ ይችላል። ዝናብ በመካከል ተቋርጦ በሚመለስበት አካባቢና ወቅቱ ቀድሞ በሚያልቅበት አካባቢ የሚያስፈልገው ዝርያ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምተወው አደራ ይህ ነው። ዘረመል ስታጠኑ ስሙን ብቻ አትያዙ፤ ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ ማን እንደሚከለክለው፣ መቼ እንደሚተኛም ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር በገበሬዎቻችን ጎተራ ባለው ዘር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ አንብበን ግን አልጨረስነውም።