ስድስት ዓመት የተጓተተው የኩባያ ክርክር

የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ የፎም ኩባያና የምግብ መያዣ ከከተማዋ እንዲጠፋ ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2013፣ በሥልጣናቸው የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበር። ምክር ቤቱ ዓመቱ ሳይወጣ ሕጉን አጸደቀ። እገዳው ግን በቅጡ የጸናው በ2019 ነው።

ነገሩን ያጓተተው ሕጉ ውስጥ የገባ አንድ አንቀጽ ነው። የጽዳት መምሪያው ኮሚሽነር የቆሸሸ ፎም መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል ይችል እንደሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ መርምረው እንዲወስኑ ያዛል። መንገዱ ለአካባቢ የሚበጅ፣ ወጪው የሚቻል፣ ለሠራተኛውም አደጋ የሌለው መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ እገዳ የለም። ይህን መሰል አንቀጽ ማንንም ማስቀየም የማይሻ ፖለቲከኛ ይወደዋል፤ ጠበቃ ደግሞ የበለጠ ይወደዋል።

ኮሚሽነር ካትሪን ጋርሲያ በ2015 መጀመሪያ «አይቻልም» ብለው ወሰኑ፤ እገዳውም በሐምሌ ተጀመረ። የሚሺጋኑ ኩባያ አምራች ዳርት ኮንቴይነር ከምግብ ቤት ባለቤቶች ጋር ሆኖ ከሰሰ። እገዳው ከተጀመረ ሁለት ወር እንዳለፈ ዳኛ ማርጋሬት ቻን ውሳኔውን ሻሩት፤ ፎሙም ወደ ገበያ ተመለሰ። ኩባንያው ለከተማዋ ያቀረበው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያጓጓል፦ የመለያ መሣሪያውን ወጪ እሸፍናለሁ፣ ተለይቶ የወጣውን ፎም ለአምስት ዓመት የሚገዛ ድርጅትም ኢንዲያና ውስጥ አለ የሚል ነበር።

ስድስተኛው ዓመት ላይስ? ፎም ከመጠኑ አብዛኛው አየር ነው፤ እሱን የጫነ መኪና ባዶ ቦታ ጭኖ እንደመሄድ ነው። የቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ ይፈረካከስና ፍርፋሪው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ወረቀት ውስጥ ይገባል። ዘይትና ስጎም ተለውሶበታል። አቅልጦ ሌላ ዕቃ ማድረግ ይቻላል፤ ያንን የካደ የለም። ግን የሚገዛው ከሌለ፣ ከተማዋ በስንት ድካም የለየችውን መልሳ ትቀብረዋለች። በእኔ እይታ የክርክሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው፤ ገበያ ያላገኘ ቆሻሻ፣ ቢታጠብም ቢለይም፣ ያው ቆሻሻ ነው።

መምሪያው በ2017 ይህንኑ ዘርዝሮ በድጋሚ ወሰነ፤ በ2018 ፍርድ ቤት አጸናለት። ቅጣቱ ከጥር 2019 በኋላ ስድስት ወር ታግሶ ተጀመረ፦ ለመጀመሪያ ጥፋት 250 ዶላር፣ ለሁለተኛው 500፣ ከዚያ 1,000። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ዶላር በታች የሆነ ትንንሽ ነጋዴዎች፣ ሌላው ዕቃ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ካስረዱ ከእገዳው ነፃ የሚሆኑበት በር ተከፍቶላቸዋል። ተገቢ ነው፤ በአንድ ኩባያ ላይ የምትጨመር ሳንቲም በጋሪ ቡና ለሚሸጥ ሰው ቀላል አይደለችም። ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣው የኑድል ኩባያ ግን ሳይነካ ቀረ።

ዳርትም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም። የወረቀትና የፕላስቲክ ኩባያ አምራቹን ሶሎን በ2012 ገዝቶታል፤ ፎም የተከለከለ ቡና ሻጭ ቀጣዩን ካርቶን ከዚያው ኩባንያ ሊያዝ ይችላል። የወረቀቱ ኩባያም ቢሆን እንዳያፈስ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ እሱም አንዴ ተጠጥቶበት ይጣላል። የኒው ዮርክ ሕግ ይህን ጉዳይ አልነካውም። ፎምን ገና በ1988 የከለከለችው የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ግን ነክታዋለች፦ ከጥር 2020 ጀምሮ ከምንም ይሠራ ከምን፣ በሚጣል ኩባያ የሚጠጣ ሰው 25 ሳንቲም ይጨምራል።