ደብዳቤው የማይደርሰው መሰላል

መጋቢት 2011 ለኢትዮጵያ ከባድ ወር ነበር። ወሩ በባተበት ዕለት የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ወሩ ሳይወጣ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ። ሁለቱ አደጋዎች በምክንያት አይገናኙም፤ እኔ ግን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። ማክስ አንዱ ከወራት በፊት በኢንዶኔዥያ ወድቆ ጉድለቱ ከተነገረ በኋላም ሲበር የቆየ የአውሮፕላን ዓይነት ነው። በሰሜን ተራሮች ደግሞ የደባርቅና የአካባቢው ሰው ጓሳውንና አስታውን የሚበላውን እሳት በቅጠልና በእጅ መሣሪያ ታገለ። ገደሉን መኪና አይወጣውም። በሚያዝያ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች ደረሱልን።

እንዲህ ያለ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ እጥረት በአቅራቢያው ያየ ከተማ ሰጪ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጎንደር በአሜሪካ ኮርቫሊስና የሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በእስራኤል ሪሾን ለጽዮን የሚባሉ እህት ከተሞች አሏት፤ ፎቆቿም እየረዘሙ ነው። ነገ አንድ ባለመሰላል የእሳት አደጋ መኪና በስጦታ ቢመጣላት በጭብጨባ እንደምንቀበለው አልጠራጠርም።

ከጭብጨባው በፊት ግን ማክስ ያስተማረን አንድ ጥያቄ አለ፤ መኪናው ጉድለት ቢገኝበት ማን ይነግረናል? በአሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣውና በኋላ በተሻሻለው ሕግ መሠረት አምራች በመኪናው ላይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ ለባለቤቱ በደብዳቤ አሳውቆ በነፃ ይጠግናል። ደብዳቤው የሚላከው በመዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ነው። መኪናው ባሕር ተሻግሮ ጎንደር ከገባ ማን ይጽፍለታል? በዚያ ላይ የነፃ ጥገናው ግዴታ መኪናው ለመጀመሪያ ገዢ ከተሸጠ 15 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ምክር ደግሞ 15 ዓመት ያለፈው መኪና ወደ መጠባበቂያ እንዲዞር ነው። ለስጦታ የሚቀርበው መኪና በአብዛኛው ከዚህ ዕድሜ ያለፈው ነው።

ባለመሰላል መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት አምራቾች ሥራ ነው፤ ሻንሲው የአንዱ፣ መሰላሉ የሌላው። ስለዚህ ጉድለት አለበት የሚለው ጥሪ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል። የሃይድሮሊክ ሲሊንደር፣ የብረት ገመድ፣ ብየዳ፣ የመደገፊያ እግር፣ አንዱ ሲከዳ ከላይ ያለው እሳት አጥፊ ነው የሚወድቀው። መሰላሉ በየዓመቱ መመርመር፣ በየአምስት ዓመቱም ብየዳው በመሣሪያ መፈተሽ አለበት። የጎንደር መሬት ሌላው ፈተና ነው። መኪናው እግሮቹን ዘርግቶ መሰላሉን የሚያነሣው ከሞላ ጎደል ሜዳ በሆነ ቦታ ነው፤ ይህች ከተማ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት።

የጎንደር ከተማ አስተዳደርም ሆነ ክልሉ ርክክብ ከመፈረማቸው በፊት የሻንሲውንና የመሰላሉን ቁጥር ይዘው ለሁለቱም አምራቾች ይጻፉ፤ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ ካለ ሰጪው ከመላኩ በፊት ያስጠግን፤ የመጨረሻው የፍተሻ ወረቀትም አብሮ ይምጣ። ወረቀት የሌለው መሰላል ላይ ማንም እንዳይወጣ።