ባቡሩ ሐረር መውጣት ሲያቅተው

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡር ዳገት መውጣት ስላቃተው ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የመጀመሪያው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር መግባት ነበረበት። ሐረር ግን 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዳገቱም ወጪውም ከበደና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። የባቡር ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በመስመሩ ተሻኮቱ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እኔን የሚገርመኝ ታዲያ ይሄ መዘግየት ነው። መስመሩ ባበቃበት ሎኮሞቲቩም ያድራል፤ ካደረ ደግሞ አመዱ ይጠረግለታል፣ ውሃ ይሞላለታል፣ የላላ ቡሎኑ ይጠብቅለታል። የጥገናው ግቢ በዚህ ምክንያት ድሬዳዋ ላይ ሥር ሰደደ፤ ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥልም የመስመሩ ዋና ጋራዥ እዚያው ቀረ።

ግቢው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ የጎማውን ነገር። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጠን ብሎ ይዞራል። የባቡር ሁለት የብረት ጎማዎች ግን ከአንድ አክስል ጋር ተጣብቀው ስለሚዞሩ አንዱ ሌላውን ሊቀድም አይችልም። ታዲያ ኩርባውን እንዴት ያልፋሉ? ዘዴው ቅርጻቸው ላይ ነው! የጎማው ገጽ ወደ ውጭ በትንሹ እየቀጠነ ይሄዳል። ባቡሩ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ሲገፋ የውጭው ጎማ በወፍራም ጎኑ፣ የውስጠኛው በቀጭኑ ይሄዳል፤ በአንድ ዙር የሚሸፍኑት ርቀት ይለያያል ማለት ነው። ኩርባ በበዛበት መስመር ላይ ግን ይህ ቅርጽ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች ከነአክስላቸው ትልቅ ቶርኖ ላይ ይታሰሩና እኩል እስኪሆኑ ይላጋሉ። አንዱ ከሌላው ካነሰ ባቡሩ ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ይሄዳል።

መለዋወጫ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ስለማይጠበቅ ብዙውን ዕቃ እዚያው ይሠሩት ነበር። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲገባ እሳት ማንደዱና የማፍያውን ጋን ቅርፊት መፋቁ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ቶርኖው ግን ሥራ አላጣም። ናፍጣም ሆነ እንፋሎት ጎማው መበላቱ አይቀርም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ 1.435 ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮው አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌው ግቢ አንድ ፉርጎ እንኳ እንዳለ አዲሱ መስመር ላይ አይሄድም። ድሬዳዋ ከሄዳችሁ ከዚራ ሰፈር አጠገብ ያለውን የድሮ ጣቢያ ጠይቁና አስፈቅዳችሁ ግቡ። የሚያስጎበኟችሁ የሸሚንደፈር (የድሮው ባቡር) ሽማግሌ ካገኛችሁ ፉርጎዎቹ ጋ ፎቶ ለመነሳት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የጎማውን ቶርኖ ያሳዩን በሏቸው።